ሦስት አቶም፣ ሁለት ሸለቆ፣ አንድ በር፦ ኬሚካላዊ ሪአክሽንን በላፕቶፕ ለማጥናት ዝርዝር መመሪያ

ሃይድሮጅን ሳያናይድ መርዝ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ለመንካት ደህና የአየር መሳቢያ፣ ፈቃድና አጠገብ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። እኔ ግን ትናንት ማታ ሶፋ ላይ ተቀምጬ፣ ሻይ እየጠጣሁ፣ ይህንኑ ሞለኪውል ደጋግሜ ስገለብጠው አመሸሁ። የተጎዳ የለም። ላፕቶፑ ትንሽ ሞቀ እንጂ።

ይህ ጽሑፍ ያንን እንዴት እንደምትሠሩት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያሳያል። የምንይዘው አንድ ሪአክሽን ብቻ ነው። ሃይድሮጅን ሳያናይድ ሦስት አቶሞች አሉት፤ በአንድ መስመር ተሰልፈዋል፦ ሃይድሮጅን፣ ካርቦን፣ ናይትሮጅን። ሃይድሮጅኑ ካርቦኑን ለቆ፣ በጎን ዞሮ፣ ናይትሮጅኑ ላይ ሲቀመጥ ሌላ ሞለኪውል ይሆናል፤ ሃይድሮጅን አይሶሳያናይድ። የተጨመረ አቶም የለም፣ የወጣም የለም። ቦታ መቀየር ብቻ ነው።

ይህንን የመረጥኩት ትንሽ ስለሆነ ነው። ስሌቱ በደቂቃዎች ያልቃል፤ ብትሳሳቱ እንደገና መጀመር አያስመርርም። ደግሞም በደንብ የተለካ ሞለኪውል ነው፤ መልሳችሁን ከእውነተኛ ልኬት ጋር ማመሳከር ትችላላችሁ። ሌላም ምክንያት አለኝ። እሱን መጨረሻ ላይ፣ ጠፈር ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ቁጥር ይሰጣችኋል። የተሳሳተ ጥያቄ ብትጠይቁትም በስምንት አሃዝ አሳምሮ ይመልሳል። ስለዚህ የሥራው ትልቁ ክፍል ማስላት አይደለም። የተሰላው እኛ የጠየቅነው ነገር መሆኑን መመርመር ነው።

መጀመሪያ ካርታው

ከደብረ ሲና ወደ ደብረ ብርሃን በመኪና የወጣ ሰው ጣርማ በርን ያውቃል። ከታች ሲነሱ አቀበቱ ረጅም ነው፤ መኪናው ያቃስታል፣ ጭጋግ ይመጣል። አናቱ ላይ ከተደረሰ በኋላ ግን ወደ ደብረ ብርሃን ያለው መንገድ ያን ያህል ቁልቁለት የለውም። ደብረ ብርሃን ራሷ ደጋ ናት።

ሪአክሽንም እንዲሁ ነው። ሞለኪውሉ በተረጋጋ ቅርጹ ሲሆን ሸለቆ ውስጥ ነው። ሌላኛው ቅርጽ ሌላ ሸለቆ ነው። መሃላቸው ተራራ ቆሟል። ተራራውን በብዙ በኩል መሻገር ይቻል ይሆናል፤ የምንፈልገው ግን ዝቅተኛውን ማለፊያ ነው። ኬሚስቶች ትራንዚሽን ስቴት ይሉታል። እኔ እዚህ በሩ እለዋለሁ።

በሩ አንድ ልዩ ባሕርይ አለው። በመንገዱ አቅጣጫ ከፍተኛው ነጥብ ነው፤ ከፊትም ከኋላም ቁልቁለት ነው። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ግን ዝቅተኛው ነጥብ ነው፤ በሁለቱም በኩል ተራራ ይነሳል። ልክ እንደ ኮርቻ። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ በሩን የምንለየው በዚህ ነው።

የኮምፒውተሩ ድርሻ «አቶሞቹ እዚህና እዚህ ቢቀመጡ ከፍታው ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። ከፍታ ማለት እዚህ ላይ ኢነርጂ ነው። መልሱ የሚመጣው ሽሮዲንገር እ.ኤ.አ. በ1926 ካወጣው እኩልታ ነው። እኩልታው ኤሌክትሮኖቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ በወረቀት ተፈትቶ አያልቅም። የእኛ ሞለኪውል ደግሞ 14 አለው። ስለዚህ ሁሉም ዘዴ ግምት አለበት። ልዩነቱ የግምቱ ጥራትና የሚፈጀው ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ካርታ አይሪንግና ፖላኒ እ.ኤ.አ. በ1931 ሠሩት፤ አንድ የሃይድሮጅን አቶም ከሃይድሮጅን ሞለኪውል ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን። ላፕቶፕ አልነበራቸውም።

ዕቃ ማሰናዳት

ሁለት ፕሮግራም ይበቃል። አንደኛው አቮጋድሮ ነው፤ ሞለኪውል የምትስሉበት። ነፃና ክፍት ነው። ሁለተኛው ኦርካ ነው፤ ስሌቱን የሚሠራው እሱ ነው። ጀርመን ሙልሃይም በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም የፍራንክ ኔዝ ቡድን ያሳደገው ሲሆን ለትምህርትና ለምርምር በነፃ ይሰጣል፤ መመዝገብ ብቻ ነው። ኮዱም ጭምር ክፍት ይሁንልኝ የምትሉ ሳይ4ን መጠቀም ትችላላችሁ። አካሄዱ ያው ነው።

8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ተራ ላፕቶፕ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

ኦርካን ስትጭኑ ሁለት ነገር ሰዎችን ያደናግራል። አንደኛ፣ ፕሮግራሙ መስኮትም ቁልፍም የለውም። ሁለቴ ብትጫኑት ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። አልተበላሸም። የሚሠራው በተርሚናል ነው፦ የፕሮግራሙን ስም፣ ከዚያ የግቤት ፋይሉን ስም ትጽፋላችሁ፤ ውጤቱን ደግሞ ወደ ሌላ ፋይል ትመልሱታላችሁ። ሁለተኛ፣ ፎልደሩን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ሰይሙት። «የእኔ ሥራ» ብላችሁ በአማርኛ ብትሰይሙት ደስ ይላል፤ ፕሮግራሙ ግን ሊያኮርፍ ይችላል።

የግቤት ፋይሉ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ሦስት ነገር ይይዛል። የመጀመሪያው መስመር በምን ዘዴ ምን እንዲሰላ እንደምትፈልጉ ይናገራል። ቀጥሎ ሁለት ቁጥሮች ይመጣሉ፤ ቻርጅና መልቲፕሊሲቲ (ጥንድ ያላገኙ ኤሌክትሮኖች ብዛት ሲደመር 1)። ከዚያ የአቶሞቹ ዝርዝርና አቀማመጥ። ሞለኪውሉን አቮጋድሮ ላይ ከሳላችሁ በኋላ ለኦርካ ግቤት የሚያዘጋጀውን ምናሌ ክፈቱ፤ ይህን ሁሉ ራሱ ይጽፍላችኋል። እናንተ ታርሙታላችሁ።

ሁለቱን ቁጥሮች በችኮላ አትለፏቸው። የእኛ ሞለኪውል ቻርጅ የለውም፤ ስለዚህ 0። ኤሌክትሮኖቹ ሁሉ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ ስለዚህ መልቲፕሊሲቲው 1። በአንድ ወቅት በሌላ ሥራ ላይ 1 መሆን የነበረበትን 3 ብዬ ጽፌ ለሦስት ቀን ያህል የሌለ ሞለኪውል ሳጠና ከርሜአለሁ። ስሌቱ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ አልቆልኛል።

ዘዴ መምረጥ

ጀማሪን የሚያስፈራው ይሄ ነው፤ ስሞቹ የመኪና ታርጋ ይመስላሉ። ሁለት ምርጫ ብቻ እንዳለ አስቡ።

አንደኛው፣ ኤሌክትሮኖች እርስ በርስ የሚገፋፉበትን ሁኔታ እንዴት እንገምት? ለመጀመሪያ ዙር ዴንሲቲ ፈንክሽናል የሚባለውን ቤተሰብ እንጠቀማለን። እያንዳንዱን ኤሌክትሮን ከመከታተል ይልቅ የኤሌክትሮን ደመናውን ጥግግት ይከታተላል። ዋልተር ኮህን በዚህ ንድፈ ሐሳብ፣ ጆን ፖፕል ደግሞ በስሌት ዘዴዎቹ እ.ኤ.አ. የ1998ን የኬሚስትሪ ኖቤል ተካፍለዋል። ከቤተሰቡ ስመ ጥሩ ቢ3ኤልዋይፒ ነው። ምርጡ አይደለም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል፣ ድክመቱም ይታወቃል። ለመማሪያ ይሁን።

ሁለተኛው፣ ደመናውን በስንት ቁራጭ እንሥራው? ይህ ቤዚስ ሴት ይባላል። ጥቂት ቁራጭ ያለው ይፈጥናል ግን ይዋሻል። ዴፍ2 ቲዜድቪፒ የሚባለውን ምረጡ፤ ለሦስት አቶም ምንም አይከብድም።

ከመረጣችሁ በኋላ አትቀይሩ። ሁለቱን ሸለቆዎችና በሩን በአንድ ዓይነት ዘዴና በአንድ ዓይነት ቤዚስ ሴት አስሉ። አንዱን ከፍታ ከባሕር ወለል፣ ሌላውን ከጣና ሐይቅ ወለል ለክቶ ማነጻጸር አይቻልም። ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይረሳዋል።

ሁለቱን ሸለቆዎች ማግኘት

ሃይድሮጅን፣ ካርቦንና ናይትሮጅኑን በመስመር ሳሉ። ከሃይድሮጅን እስከ ካርቦን 1.1 አንግስትሮም (በአቶሞች መካከል ያለ ርቀት መለኪያ ነው)፣ ከካርቦን እስከ ናይትሮጅን 1.2 ቢሆን በቂ ነው። በትክክል መሳል አይጠበቅባችሁም፤ ፕሮግራሙ ራሱ ወደ ሸለቆው ግርጌ ይንሸራተታል። ይህ ኦፕቲማይዜሽን ይባላል። በመጀመሪያው መስመር ላይ የኦፕቲማይዜሽንና የፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም የንዝረት፣ ትእዛዞችን አብራችሁ ጻፉ።

ሲያልቅ የውጤት ፋይሉን ክፈቱ። ረጅም ነው፤ አትደንግጡ። ኦፕቲማይዜሽኑ መሳካቱን የሚናገረውን መስመር ፈልጉ። ከዚያ ርቀቶቹን እዩ። ከሃይድሮጅን እስከ ካርቦን 1.07፣ ከካርቦን እስከ ናይትሮጅን 1.15 አካባቢ ካገኛችሁ ከልኬት ጋር ገጥማችኋል። የመጨረሻው ኢነርጂ ወደ −93.4 ሃርትሪ ይሆናል፤ ሃርትሪ ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት የኢነርጂ መለኪያ ነው። ሁሉንም አሃዝ ደብተር ላይ ገልብጡት። የምንፈልገው ልዩነት ከነጥቡ በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቦታ ላይ ነው ያለው።

አሁን ንዝረቶቹን ተመልከቱ። ቀጥ ያለ ባለ ሦስት አቶም ሞለኪውል አራት ንዝረት አለው። ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መታጠፍ ናቸውና። በልኬት የተገኙት 712 (ሁለት ጊዜ)፣ 2097 እና 3311 ናቸው፤ አሃዱ ሞገድ በሴንቲሜትር ነው። የእናንተ ቁጥሮች ከእነዚህ ከፍ ብለው ይመጣሉ፤ በተለይ ትልቁ ከ3400 ሊያልፍ ይችላል። ይህ ስህተት አይደለም። ፕሮግራሙ ትስስሩን እንደ ፍጹም ስፕሪንግ ስለሚቆጥረው ነው።

ዋናው ነገር፣ አራቱም ከዜሮ በላይ ይሁኑ። ሁሉም ከዜሮ በላይ ከሆኑ በየትኛውም አቅጣጫ ብትሄዱ አቀበት ነው፤ ሸለቆ ግርጌ ላይ ናችሁ ማለት ነው።

ያንኑ ሥራ ሃይድሮጅኑን ናይትሮጅን ላይ አድርጋችሁ ድገሙት። ኢነርጂው በ0.0236 ሃርትሪ ገደማ ከፍ ይላል። አንድ ሃርትሪ 2625.5 ኪሎጁል በሞል ስለሆነ 62 ገደማ ኪሎጁል ማለት ነው። አይሶሳያናይዱ ደብረ ብርሃን ነው፤ ከፍ ያለው ሸለቆ።

በሩን መፈለግ

እውነተኛው ሥራ እዚህ ይጀምራል። ሸለቆ ማግኘት ቀላል ነው፤ ወደ ታች መልቀቅ ነው። በር ግን በአንድ በኩል ወደ ላይ እየወጡ በሌላው በኩል ወደ ታች እየወረዱ የሚገኝ ነገር ነው። ከሩቅ ሆናችሁ «በሩን አግኝልኝ» ብትሉት ፕሮግራሙ ገደል ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ እጁን ይዘን ቅርብ እናደርሰዋለን።

ይህን የምናደርገው በስካን ነው። ሃይድሮጅን፣ ካርቦንና ናይትሮጅን የሚሠሩትን ማዕዘን እንይዛለን። ሃይድሮጅን ሳያናይድ ላይ 180 ዲግሪ ነው፤ አይሶሳያናይዱ ላይ 0። ማዕዘኑን በ10 ዲግሪ እየቀነስን፣ በየእርምጃው እሱን ብቻ አስረን፣ የቀረውን ዘና እንዲል እንለቀዋለን። ከ180 አትነሱ። ፍጹም ቀጥ ያለ ማዕዘን ለሒሳቡ አስቸጋሪ ነው፤ ፕሮግራሙ የት እንደሚያጥፍ አያውቅም። ከ170 ጀምራችሁ 10 ላይ ጨርሱ። 17 ነጥብ ይሆናል።

ኢነርጂዎቹን በኤክሴል ሳሏቸው። ቀስ ብሎ ይወጣል፣ አናት ላይ ይደርሳል፣ ይወርዳል። አናቱ 70 ዲግሪ አካባቢ ነው። ግራፉ እንደ መጋዝ ጥርስ ዘሎ ከወረደ አንድ ነገር ተሰብሯል፤ ብዙ ጊዜ አንዱ እርምጃ ተስቶ ወደ ሌላ ቅርጽ ዘሏል ማለት ነው። በዚያ አካባቢ እርምጃውን ወደ 5 ዲግሪ አሳንሱና ድገሙ።

ጥንቃቄ፦ የስካኑ አናት በሩ አይደለም። የበሩ ሰፈር ነው። ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ እዚህ ላይ ቆሞ «በሩ ይህ ነው» ብሎ እንደተጻፈ ባናነሳው ይሻላል።

አሁን የከፍተኛውን ነጥብ ቅርጽ ውሰዱና አዲስ ግቤት አዘጋጁ። በኦፕቲማይዜሽኑ ፋንታ ኦፕትቲኤስ የሚባለውን፣ ማለትም ትራንዚሽን ስቴት ፈላጊውን ትእዛዝ ስጡ። አንድ ነገር ጨምሩ፦ ሥራውን ሲጀምር ሄሲያኑን በትክክል እንዲያሰላ እዘዙት። ሄሲያን ማለት በየአቅጣጫው መሬቱ እንዴት እንደሚጎብጥ የሚናገር ሰንጠረዥ ነው። ያለ እሱ ፕሮግራሙ የትኛው አቅጣጫ መንገድ፣ የትኛው ተራራ እንደሆነ በግምት ነው የሚሄደው። ትልቅ ሞለኪውል ላይ ውድ ነው፤ እዚህ ግን ምንም አይደል።

ሲያልቅ ሦስት ማዕዘን የሚመስል ቅርጽ ታገኛላችሁ። ከካርቦን እስከ ናይትሮጅን 1.19፣ ከሃይድሮጅን እስከ ካርቦንም 1.19 ገደማ፣ ከሃይድሮጅን እስከ ናይትሮጅን 1.4 አካባቢ። ሃይድሮጅኑ በሁለቱ መሃል ተንጠልጥሏል፤ ካርቦኑን ገና አለቀቀም፣ ናይትሮጅኑንም ገና አልያዘም።

በሩ በር መሆኑን ማረጋገጥ

አሁን ምርመራው። ፍሪኩዌንሲ አስሉ። ቅርጹ ከእንግዲህ ቀጥ ያለ ስላልሆነ አራት ሳይሆን ሦስት ንዝረት ይኖራል። ከሦስቱ አንዱ፣ አንዱ ብቻ፣ ኢማጂናሪ መሆን አለበት። ኦርካ በመቀነስ ምልክት ያሳየዋል፤ ወደ −1100 ወይም −1200 የሚጠጋ ቁጥር ነው። ቅድም የተነጋገርነው ኮርቻ ይኸው ነው፦ በአንድ አቅጣጫ ቁልቁለት፣ በሌላው ሁሉ አቀበት።

ምንም ከሌለ ወደ ሸለቆ ተመልሳችኋል። ሁለት ከሆነ በር ሳይሆን ጫፍ ላይ ወጥታችኋል። −15 ወይም −20 የመሰለ ትንሽ ቁጥር ካያችሁ ደግሞ አትደሰቱ፤ ብዙ ጊዜ የስሌት ጫጫታ ነው፣ ወይም አንድ የሞለኪውሉ ክፍል መሽከርከር ፈልጎ ነው።

ቁጥሩን ማየት ብቻ አይበቃም። ንዝረቱን አቮጋድሮ ላይ አጫውቱት። ሃይድሮጅኑ በካርቦንና በናይትሮጅን መካከል ወዲያና ወዲህ ሲል ማየት አለባችሁ።

ከዚያ አይአርሲ የሚባለውን ስሌት አስነሱ። ከበሩ ተነስቶ በሁለቱም አቅጣጫ መንገዱን ተከትሎ ይወርዳል። አንዱ ጫፍ ሃይድሮጅን ሳያናይድ፣ ሌላው አይሶሳያናይድ ላይ መድረስ አለበት። ሰዎች ይህን ይዘሉታል፤ እኔም እዘለው ነበር። አንድ ጊዜ ሥርዓቱን የጠበቀ፣ አንድ ኢማጂናሪ ያለው፣ የሚያምር በር አግኝቼ ሁለት ሳምንት ሙሉ ግራፍ ሠራሁበት፣ ስላይድ አዘጋጀሁበት። በመጨረሻ አይአርሲ ሳስነሳ በሩ የሚያገናኘው እኔ የፈለግኳቸውን ሸለቆዎች አልነበረም። የሞለኪውሉ ጫፍ ላይ ያለ ሜቲል (አንድ ካርቦን ከሦስት ሃይድሮጅን ጋር) ሲሽከረከር የሚያልፍበት በር ነበር። ሪአክሽኑ በአጠገቡም አላለፈም። ከዚያ ወዲህ አይአርሲ ሳላይ ቁጥር ለሰው አልናገርም።

መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ላላችሁ አንድ ምክር፦ ኦርካ በስሌቱ መሃል የኦርቢታሎቹን ፋይልና የመጨረሻውን ቅርጽ እያስቀመጠ ይሄዳል። ሲቋረጥ ከዜሮ አትጀምሩ፤ የመጨረሻውን ቅርጽ አንስታችሁ ከዚያ ቀጥሉ። አሮጌውን ፎልደር ግን ሳትነኩት በሌላ ስም ቅዱት።

ከከፍታ ወደ ፍጥነት

የሃይድሮጅን ሳያናይዱን ኢነርጂ ከበሩ ኢነርጂ ላይ ቀንሱ። ወደ 0.0765 ሃርትሪ ነው፤ 200 ኪሎጁል በሞል ገደማ። በቢ3ኤልዋይፒ የምታገኙት ቁጥር ከዚህ ጥቂት ኪሎጁል ሊለይ ይችላል። ለማጥበብ በተገኙት ሦስት ቅርጾች ላይ ሲሲኤስዲ(ቲ) በሚባለው ዘዴ ኢነርጂውን ብቻ እንደገና አስሉ። ባለሙያዎች የወርቅ ሚዛን ይሉታል። መቶ አቶም ላለው ነገር ሕልም ነው፤ ለሦስት አቶም ግን ቡና ሳይፈላ ያልቃል።

ግን 200 ትክክለኛው ዳገት አይደለም። አቶሞች በፍጹም ዜሮ ሙቀት ላይ እንኳን አይቆሙም፤ ይንቀጠቀጣሉ። ይህ የዜሮ ነጥብ ኢነርጂ ይባላል። ሸለቆው ውስጥ ሃይድሮጅኑ በጠንካራ ትስስር ስለተያዘ መንቀጥቀጡ ብርቱ ነው፤ 41 ኪሎጁል ያህል ይይዛል። በሩ ላይ ግን አንዱ ንዝረት ራሱ መንገድ ሆኗል፣ የቀሩትም ላልተዋል፤ 28 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ዳገቱ በ13 ኪሎጁል ያጥርና 188 አካባቢ ይሆናል። ይህን ቁጥር የፍሪኩዌንሲ ስሌቱ ራሱ ጽፎላችኋል፤ መደመር ብቻ ነው።

13 ኪሎጁል ምን ያደርጋል? እንየው። ፍጥነትን የምናሰላው አይሪንግ እ.ኤ.አ. በ1935 ባወጣው ቀመር ነው። በቃል ሲነገር እንዲህ ነው፦ ሞለኪውሉ በተራ ክፍል ሙቀት በሰከንድ 6.2 ትሪሊዮን ጊዜ በሩን ይሞክራል፤ ከሙከራዎቹ የሚሳካው ድርሻ ደግሞ ዳገቱ ሲጨምር በፍጥነት ይመናመናል። ድርሻውን ለማግኘት ዳገቱን በጁል ለ8.314 እና ለሙቀቱ በኬልቪን ብዜት አካፍሉ፤ ከዚያ 2.718ን በዚያ ቁጥር ርቢ አንሱና 1ን ለውጤቱ አካፍሉ። ለጥሩ ሥራ ኢንትሮፒም መግባት አለበት፤ እዚህ ለውጡ ትንሽ ስለሆነ ተውኩት።

ከአይሶሳያናይዱ ወደ ሳያናይዱ የሚወርደውን መንገድ እንውሰድ። ከፍ ካለው ሸለቆ ስለሚነሳ ዳገቱ አጭር ነው። ከ200 ላይ 62 ስንቀንስ፣ የዜሮ ነጥቡን ረስተን፣ 138 ይሆናል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ግማሹ ለመለወጥ 5 ሺህ ዓመት ይፈጃል። የዜሮ ነጥቡ ሲገባ ዳገቱ 126 ነው፤ ግማሹ በ40 ዓመት ገደማ ይለወጣል። አንዲት የረሳናት ቁጥር መልሱን ከመቶ እጥፍ በላይ አንሻፈፈችው። በክፍል ሙቀት እያንዳንዱ 5.7 ኪሎጁል ፍጥነቱን በ10 እጥፍ ይቀይራል፤ ይህን ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ማንም «ዳገቱ 90 ነው፣ ቢበዛ 10 ቢሳሳት ነው» ሲላችሁ ፍጥነቱን ሃምሳ ስልሳ ጊዜ ሊስት እንደሚችል እየነገራችሁ ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከሳያናይዱ ወደ አይሶሳያናይዱ፣ ዳገቱ ሙሉ 188 ነው። ግማሹ ለመለወጥ ትሪሊዮን ዓመታት ይወስዳል። ጽንፈ ዓለም ራሷ 13.8 ቢሊዮን ዓመቷ ነው።

ጣርማ በር ላይ ደግሞ ዋሻ አለ፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው። አናቱን ሳይወጡ በውስጡ ያልፉበታል። ሃይድሮጅንም ቀላል አቶም ስለሆነ እንዲህ ያደርጋል። ተነሊንግ ይባላል። ቀላሉ ማስተካከያ የዊግነር ነው፦ ኢማጂናሪውን ቁጥር፣ ያለ መቀነስ ምልክቱ፣ ለ207 አካፍሉ፣ በራሱ አባዙ፣ ለ24 አካፍሉ፣ 1 ደምሩ። 207 የመጣው ከ25 ዲግሪ ሙቀት ነው። በ1150 ስሌቱ 2.3 ይሰጣል፤ የ40 ዓመቱ ነገር ከ20 በታች ይወርዳል። ሙቀቱ ዝቅ ሲል ይህ ማስተካከያ አያስተማምንም። ያኔ የተሻለ ዘዴ ያስፈልጋል።

«ታዲያ አይሶሳያናይድን ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ 20 ዓመት አስቀምጣለሁ?» አይሆንም። እኛ ያሰላነው ብቻውን ባዶ ቦታ ላይ ያለ ሞለኪውል ነው። ጠርሙስ ውስጥ ግድግዳ አለ፣ ሌላ ሞለኪውል አለ፣ ሃይድሮጅኑን ተቀብሎ በሌላ በኩል የሚመልስ አለ። ያ ሌላ፣ በጣም ዝቅ ያለ በር ነው።

ጠፈር ላይ ያለው እንቆቅልሽ

ቅድም ያቆየሁት ምክንያት ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ተመልካቾች 90.7 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ባለቤቱ ያልታወቀ መስመር አዩ። በኋላ የሃይድሮጅን አይሶሳያናይድ መሆኑ ታወቀ። በቀዝቃዛ ጨለማ ደመናዎች ውስጥ፣ ለምሳሌ በታውረስ ሞለኪውላዊ ደመና፣ ከሳያናይዱ ጋር ተቀራራቢ መጠን አለው።

አሁን ስሌታችሁን አውጡ። ደመናው ሙቀቱ 10 ኬልቪን ገደማ ነው። በ62 ኪሎጁል ልዩነት፣ ሁለቱ ሚዛን ላይ ቢሆኑ ኖሮ፣ የአይሶሳያናይዱ ድርሻ ከነጥቡ በኋላ ከ300 በላይ ዜሮ ተደርድሮ ነው የሚመጣው። ማለትም የለም። ግን አለ።

ስሌቱ ተሳስቷል? አልተሳሳተም። እዚያ አይሶሳያናይዱ የሚፈጠረው በእኛ በር አልፎ አይደለም። በሁለቱም ጫፍ ሃይድሮጅን የያዘ አዎንታዊ አዮን አለ። ኤሌክትሮን ሲያገኘው አንዱን ሃይድሮጅን አሽቀንጥሮ ይጥላል። የናይትሮጅኑን ቢጥል ሳያናይድ፣ የካርቦኑን ቢጥል አይሶሳያናይድ ይቀራል፤ ዕድሉም ተቀራራቢ ነው። ከላይ እንደተጣለ ድንጋይ ሁለቱም ሸለቆዎች ውስጥ ይወድቃሉ። የእኛ 126 ኪሎጁል የሚነግረን አንዴ ደብረ ብርሃን የወደቀው ለምን እዚያው እንደሚቀር ነው። እንዴት እንደደረሰ አይነግረንም። የአዮኑን ታሪክ በዚህ መመሪያ አታሰሉት፤ የተነቃቁ የኤሌክትሮን ሁኔታዎች ስለሚገቡበት ሌላ ዕቃ ይፈልጋል።

ቀጥላችሁ መሞከር የምትችሉት የጠርሙሱን ታሪክ ነው። አንድ የውሃ ሞለኪውል አጠገቡ አስቀምጡ። ውሃው በአንድ በኩል የሳያናይዱን ሃይድሮጅን ይቀበላል፣ በሌላ በኩል የራሱን ለናይትሮጅኑ ይሰጣል። ስድስት አቶም፣ ሁለት ሃይድሮጅን በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀስበት። እዚህ ላይ የአንድ ማዕዘን ስካን አያዋጣም፤ ሁለቱን ሸለቆዎች ሰጥታችሁ መሃሉን ራሱ የሚፈልገውን ኤንኢቢ የሚባል ዘዴ ተጠቀሙ፤ ኦርካ ውስጥ አለ። አቶሞቹን በሁለቱም ፋይሎች ላይ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል መጻፋችሁን አረጋግጡ። የውሃው ሃይድሮጅንና የሳያናይዱ ሃይድሮጅን ከተምታቱ ፕሮግራሙ አንዱን በሌላው ውስጥ ሊያሳልፍ ይሞክራል። ከዚያ አስነሱትና ተኙ፤ ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ፣ ክዳኑን ሳትዘጉ።